አሮጌ የአልማዝ ቀለበት ከመግዛታችሁ በፊት፦ ጥያቄና መልስ

ያገለገለ የአልማዝ ቀለበት ለመግዛት ያሰባችሁ ብዙዎች ጠይቃችኋል። አብዛኛው ጥያቄ በዓይን ስለሚታይ እንከን ነው።

ጥያቄ፦ የወደድኩት ቀለበት ድንጋዩ መሀል ላይ ጥቁር ነጥብ አለው። ሻጩ «የተፈጥሮ ነው» ይላል። ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ይታጠብ። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። አሮጌ ቀለበት ከድንጋዩ ሥር ቅባትና እድፍ ይይዛል፤ «እንከን» የተባለው አብሮ ሊታጠብ ይችላል። ጀርባው በብረት የተዘጋ በጣም ጥንታዊ ቀለበት ከሆነ ግን ውሃ እንዳይነካው። ከድንጋዩ ሥር የሚያንጸባርቅ ስስ ብረት ተነጥፎ ሊሆን ይችላል፣ ይበላሻል።

ነጥቡ ካልለቀቀ 10 ጊዜ በሚያጎላ ሉፕ (ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ በሚይዙት ትንሽ አጉሊ መነጽር) እይው። ውስጥ ያለ ጥቁር ነጥብ ብዙውን ጊዜ አልማዙ ሲፈጠር አብሮት የቀረ ነገር ነው። በዕድሜ አያድግም። የሚቀንሰው ውበቱንና ዋጋውን ነው፣ ስለዚህ ዋጋው ላይ ተከራከሪ። ቀለበቱን አዘንብለሽም እይው። አንዱ ነጥብ ተንጸባርቆ አራት አምስት ሆኖ ከታየ እኔ አልገዛውም።

ጥያቄ፦ የኔው ከላይ ሲታይ መሀል ለመሀል ትንሽ ክብ አለው። የተበሳ ይመስላል።

መልስ፦ እንከን አይደለም። በፈረንጆቹ 1930 አካባቢ ከመድረሱ በፊት በተለመደው አቆራረጥ የድንጋዩ የታች ጫፍ ሹል አይደረግም፣ ጠፍጠፍ ተደርጎ ይሞረዳል። የምታየው እሱን ነው። የድሮ አልማዝ ወዳጆች እንዲያውም ይፈልጉታል።

ጥያቄ፦ ታዲያ የትኛው እንከን ነው የሚያስፈራው?

መልስ፦ ስንጥቅ። በተለይ ጠርዝ ላይ የደረሰ። አልማዝን ከሌላ አልማዝ በቀር በቀላሉ የሚጭረው የለም፣ ይሰበራል ግን። በተፈጥሮው በቀላሉ የሚከፈልባቸው አራት አቅጣጫዎች አሉት፤ በዚያ በኩል ጠንከር ያለ ምት ካገኘው ይሰነጠቃል። ጠርዝ ላይ ያለ፣ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ መሀል ላይ ከሚታይ ነጥብ ይብሳል። ብዙ ሰው ግን መሀሉን ብቻ አይቶ ይከፍላል፤ ያሳዝነኛል። ቀለበቱን በጎን ይዛችሁ ዙሪያውን በሉፕ ጨርሱት። ድንጋዩን ከያዙት ጥፍሮች አንዱ ከሌሎቹ ከወፈረ ወይም ያለቦታው ከተቀመጠ ከሥሩ ምን እንደሸፈነ ጠይቁ። ስብራት እዚያ ይደበቃል። ጥፍሮቹ ራሳቸው ካለቁም የማደሻውን ወጪ ከዋጋው ቀንሱ።

ጥያቄ፦ ሳዘነብለው ስንጥቁ አንዴ ሐምራዊ፣ አንዴ ብርቱካናማ ይሆናል።

መልስ፦ ተጠንቀቅ ወንድሜ። አልማዝ የቀስተ ደመናን ቀለማት ሁሉ ይረጫል። ብልጭታው ስንጥቁ ላይ ብቻ ከሆነና በአንድ ሁለት ቀለም ከቀረ ግን ስንጥቁ በመስታወት መሰል ነገር ተሞልቶ ይሆናል። ይህ ሥራ የተስፋፋው በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ነው፤ ቀለበቱ የአያት መሆኑ ዋስትና አይሆንም፣ ድንጋዩ ኋላ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ወርቅ ሠሪ በእሳት ሲጠግነው ሙሌቱ ይበላሻል፣ ስንጥቁም ይወጣል። የአልማዝን ደረጃ የሚመረምረው የአሜሪካው ተቋም ጂ.አይ.ኤ. እንዲህ ላለ ድንጋይ የደረጃ ወረቀት አይሰጥም። «አልተሞላም» የሚለውን ሻጩ ደረሰኙ ላይ ይጻፍልህ።

ጥያቄ፦ የ20 ዓመት ሰርተፍኬት አለው። ይበቃል?

መልስ፦ ከዚያ ወዲህ የደረሰበትን አያሳይም። ድንጋዩን በሚሊሜትር አስለኩና ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ።

ጥያቄ፦ መሞከሪያው ጢጥ ካለ አልማዝ ነው?

መልስ፦ በሙቀት የሚሠራው መሞከሪያ ሞይሳናይትንም (አልማዝ የሚመስል ሌላ ድንጋይ ነው) «አልማዝ» ይላል። በሉፕ አዘንብላችሁ ስታዩ የታችኞቹ መስመሮች ድርብ ከሆኑ አልማዝ አይደለም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዲሲ ነው፣ ሻጯ ሌላ ስቴት ናት። በፎቶ ብቻ ልግዛ?

መልስ፦ ከጎንና ከጀርባ የተነሳ ቪዲዮ ጠይቂ፣ በቀን ብርሃን። የመመለሻ ጊዜው በጽሑፍ ይሁን። ቀለበቱ እንደደረሰሽ ጊዜው ሳያልፍ ለጌጣጌጥ ዋጋ ገማች አሳዪ፤ ሻጯ ለምትጠቁምሽ ሳይሆን ራስሽ ለመረጥሽው።