ሲጋሮቼ 70 በመቶ እርጥበት ላይ ሆነው ለምን ሻገቱ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ሃይግሮሜትርህ፣ ማለትም የእርጥበት መለኪያህ፣ ሌት ተቀን 70 ያሳያል፤ ሆኖም ከሲጋሮችህ አምስቱ ሻግተዋል፣ ሁለቱ ደግሞ በመርፌ የተወጉ ይመስል ተበስተዋል። ውሃ ልጨምር ወይስ ልቀንስ ብለሃል። እኔ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ስምንት ዓመት ሲጋር አስቀምጫለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ልክ እንዳንተው ሲበላሹብኝ ነው ያሳለፍኩት። ከውሃው በፊት ቴርሞሜትሩን ተመልከት እልሃለሁ።

ያ ለሲጋር ማስቀመጫ ይመከራል የሚባለው 70 ጓደኛ ቁጥር አለው። 70 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት የሚባለው በ70 ዲግሪ ፋራናይት ነው፤ ይህም 21 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆኑ ነው። በግንቦትና በሰኔ ድሬዳዋ ላይ 21 ዲግሪ ከየት ይመጣል? አንዱን ቁጥር ይዘን ሌላውን ጥለነዋል።

ሃይግሮሜትሩ የሚነግርህ አየሩ መያዝ ከሚችለው ውሃ ስንት እጁን እንደያዘ ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ አየር በ21 ዲግሪ ቢበዛ 18 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል፤ በ31 ዲግሪ ግን 32 ግራም። ስለዚህ በ31 ዲግሪ 70 በመቶ ማለት 22 ግራም ነው። ያው ሳጥን ወደ 21 ዲግሪ ቢወርድ ትርፉ ውሃ ማረፊያ ይፈልጋል። ይህን ያየሁት ሐረር ነው። ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ሲግል የዋለውን ባለ መስታወት ክዳን ሳጥን መኪና ውስጥ ጭኜ በደንገጎ ወጣሁ፤ ያደርኩበት ቤት ሌሊቱን ቀዝቅዞ ነበር። ጠዋት ስከፍተው የመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ጠል አዝሏል፤ ከላይ የተደረደሩት ሲጋሮች ሽፋን ላይ ጠብታው አርፎ ጥቁር ነጠብጣብ ሠርቷል። በሳምንቱ ነጭ ጸጉር የመሰለ ሻጋታ አወጡ። ያንተም ቤት ቀን በጣራው ግሎ ሌሊት ሲበርድ፣ መጠኑ ቢያንስም ነገሩ ያው ነው።

ቀዳዳዎቹ የትምባሆ ጢንዚዛ ሥራ ናቸው። እንቁላሉ ከቅጠሉ ጋር ሊመጣ ይችላል፤ ሙቀቱ ከ24 ዲግሪ አልፎ ሲሰነብት ይፈለፈላል። የተረፉትን ሲጋሮች በድርብ ፌስታል አሽገህ አንድ ቀን ፍሪጅ፣ ከዚያ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ አምስት ቀን፣ ከዚያ እንደገና አንድ ቀን ፍሪጅ ውስጥ አቆያቸው። ከፍሪጅ ስታወጣ ፌስታሉን ቶሎ አትክፈት፤ የቤቱን ሙቀት እስኪይዙ ጠብቅ። የሻገቱትን ጣላቸው፤ ዋጋቸው ቢያሳዝንም አይጨሱም።

ማስቀመጫውን በተመለከተ፣ እኔ የሚያምረውን የእንጨት ሳጥን ትቼዋለሁ። ሲጋሮቹን ክዳኑ አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስገብቼ፣ ዕቃውን አፈ ሰፊ ጋን ውስጥ አስቀምጬ፣ ዙሪያውን እርጥብ አሸዋ ሞልቼበታለሁ። የድሬዳዋ አየር ደረቅ ስለሆነ ውሃው ከሸክላው ላይ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፤ እናቶቻችን የመጠጥ ውሃ በእንስራ የሚያቀዘቅዙት በዚሁ መንገድ ነው። ክፍሉ 33 ሲሆን ውስጡ 26 አንብቤያለሁ። መብራት ቢጠፋም ይሠራል። አሸዋውን ጠዋትና ማታ አርጥበው።

21 ዲግሪ ላይ መድረስ ስላልቻልኩ እርጥበቱን ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ 62 የተጻፈበት ቦቬዳ የሚባል እርጥበት የሚያስተካክል ከረጢት እጠቀማለሁ፣ 65ም ይሆናል። ከረጢቱ እርጥበት ሲበዛ ይመጥጣል፣ ሲያንስ ይሰጣል። በውሃ የተነከረ ስፖንጅ ግን መስጠት እንጂ መቀበል አያውቅም፤ የቧንቧችን ውሃ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር ስለሆነ ጨርሶ አይሆንም።

ከሁሉ በፊት ግን መለኪያህን ፈትሽ። በጠርሙስ ክዳን የገበታ ጨው አድርግ፣ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ጥቂት ውሃ ጠብ አድርግበት፤ እንዳይሟሟ ተጠንቀቅ። ከሃይግሮሜትሩ ጋር በፌስታል አሽገህ 24 ሰዓት ተወው። 75 ማሳየት አለበት። የእኔ የመጀመሪያው 68 ነበር ያሳየኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ 70 ነው ብዬ የጠበቅሁት 77 ነበር ማለት ነው። ዛሬ ማታ አሽገውና ነገ ማታ ያነበብከውን እዚሁ ጻፍልኝ።