ግሊሰሪን ዘይት ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። እናቴ ስኳር አለባት። ሐኪሟ ዘይት ቀንሺ ብሏታል። ሰሞኑን የገዛንላት የሳል ሽሮፕ ላይ «ግሊሰሪን» የሚል አየሁ። እኛ የምናውቀው ብርዱ ለሰነጠቀው ተረከዝ ስንቀባው ነው። ወፍራም ነው፣ ያሟልጫል። ሆድ ሲገባ እንደ ዘይት ይሆናል? ቤት ያለውንስ ለሳሏ በሻይ ብትጠጣው?

መልስ፦ የመጨረሻውን ላስቀድም። እህቴ፣ የቆዳው ግሊሰሪን በፍጹም አይጠጣ! የተዘጋጀው ለመቀባት ነው። ዳይኢቲሊን ግላይኮል የሚባል መርዝ አለ፤ እሱም ወፍራም፣ ጣፋጭ፣ መልኩ ከግሊሰሪን የማይለይ፤ ግሊሰሪን ውስጥ ተቀላቅሎ ቢገኝ በዓይን አይታወቅም። በ2022 እ.ኤ.አ. በጋምቢያ ብዙ ሕፃናት ሲሞቱ፣ በዚህ መርዝ የተበከለ ሽሮፕ ነው ተጠያቂ የተደረገው። ተረከዝ መቀባቱን ግን ቀጥሉበት።

ወደ ዋናው ልግባ። ግሊሰሪን ዘይት አይደለም። ጠብ አድርገሽ ውሃ ውስጥ አማስይው፣ ይሟሟል። የኑግ ዘይት ይንሳፈፋል። የሆዱም ልዩነት ከዚሁ ይጀምራል። ዘይትን መጀመሪያ ሐሞት ይበትነዋል። ቀጥሎ የቆሽት ኢንዛይም ይሰባብረዋል። የአንጀት ግድግዳ መልሶ ይገጣጥመውና በሊምፍ ቧንቧ (ከደም ሥር የተለየ የሰውነት ፈሳሽ መተላለፊያ) ዞሮ ደም ውስጥ ይገባል። ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ ነው። ግሊሰሪን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ከአንጀት በደም ቀጥታ ጉበት ይደርሳል። ጉበት ወይ ለጉልበት ያውለዋል፣ ወይ ግሉኮስ፣ ማለትም የደም ስኳር፣ ያደርገዋል።

ዝምድናቸውንም ልንገርሽ፣ እኔን ሁሌ ይደንቀኛል። ዘይትም ሆነ የሰውነት ስብ አንድ ግሊሰሪን ሦስት የስብ አሲዶችን ይዞ የተሠራ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ስቡ ሲፈታ ግሊሰሪኑ ይለቀቃል፤ ጉበቱም ከዚያ ግሉኮስ ይሠራል። አንጎላችንን ከሚመግበው ስኳር የተወሰነው በጾም ሰዓት ከዚህ ይመጣል።

እንግዲህ እናትሽ ግሊሰሪንን ከዘይት ሳይሆን ከስኳር ጋር ይቁጠሩት። በግራም ከ4 ካሎሪ ትንሽ ይበልጣል፤ ዘይት ወደ 9 ነው። የደም ስኳርን ከተራው ስኳር ባነሰ መጠን ከፍ ያደርጋል፣ ግን ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። አንድ ማንኪያ ሽሮፕ ውስጥ ያለው ግሊሰሪን ብዙም አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ሽሮፑን የሚያጣፍጠው ስኳር ነው። ጠርሙሱን ይዘሽ ፋርማሲ ሂጂና «ስኳር የሌለበት አላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ሳሉ ከሦስት ሳምንት ካለፈ ደግሞ ሽሮፕ መቀያየሩን ትታችሁ ሐኪም ይያቸው።