«ውይ» ትርጉም የለውም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምኖረው ደሴ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ፣ «ወይኔ» ከየትኛው የንግግር ክፍል እንደሚመደብ ተጠይቃ «ቃለ አጋኖ» ብላ መለሰች። መልሱ ልክ ነው ተባለች፤ «ግን እነዚህ ስሜት እንጂ ትርጉም የላቸውም» ተብሎ ተነገራት። እናቴ ቡና ላይ ሆና በ«ውይ» እና በ«እህ» ብቻ ስንት ነገር እንደምትናገር ስለማውቅ አልዋጥልሽ አለኝ። እውነት ትርጉም የላቸውም?

መልስ፦ እታለም፣ እኔም አይዋጥልኝም። አማርኛ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ስምንቱን የንግግር ክፍሎች ከስም ጀምሬ ስዘረዝር ቃለ አጋኖ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ እዚያ ስደርስ ደወል ይደወላል። ሳላስተምረው የቀረሁት ክፍል እሱ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እስቲ ዋይ፣ ኡኡ፣ እልል፣ እፎይ የሚሉትን ውሰጂ። «አለ» ሲከተላቸው እንደ ግስ ይሠራሉ፦ ኡኡ አለች፣ እፎይ አለ። መጨረሻቸው ላይ «ታ» ስትጨምሪ ስም ይወጣቸዋል፦ ዋይታ፣ ኡኡታ፣ እልልታ፣ እፎይታ። «አቤት»ም አቤቱታን አስገኝቷል፤ ቀበሌ ይዘነው የምንሄደው ወረቀት ሳይቀር ስሙን ያገኘው ከዚህ ጩኸት ነው። ትርጉም የሌለው ድምፅ እንዲህ አይዋለድም። ደግሞ «ወዮልኝ» ስትዪ ለራስሽ ታዝኛለሽ፣ «ወዮልህ» ስትዪ ግን ታስፈራሪያለሽ። የተለወጠችው አንዲት ፊደል ናት።

ያደግሁት ሐይቅ አጠገብ ነው። ሌሊት ከማዶ «ኡኡ» ከተሰማ አባቴ ምን ተፈጠረ ብሎ አይጠይቅም፤ ዱላውን አንስቶ ይወጣል። «እልል» ከሆነ ደግሞ እናቴ ምጥ የያዛትን ጎረቤት ስም ጠርታ «እሰይ! ተገላገለች» ትላለች። ሌላ ቃል የነገራቸው ሰው የለም። እናቴ ስትደነግጥ «በስመአብ» ትላለች፣ የግድግዳ ጎረቤታችን «ያ ረቢ»። የታመመ ሲያጽናኑ ግን ሁለቱም «አብሽር» ነው የሚሉት። ከዓረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ ወሎ ውስጥ ግን የሁሉም ሆኗል። እንደ «አይዞህ»ም ይረባል፦ ለሴት አብሽሪ፣ ለብዙ ሰው አብሽሩ።

በኮትዲቯር ምሥራቅና በአዋሳኙ ጋና የሚነገር አግኒ የሚባል ቋንቋ አለ፤ የባውሌ ዘመድ ነው። እዚያ ድምፅ ከፍና ዝቅ ሲል የቃሉ ፍቺ ይለወጣል። አማርኛ እንዲህ አያደርግም። ቃለ አጋኖ ላይ ስንደርስ ግን እኛም በዜማ እንለያለን። እናትሽን አድምጫት፦ «እህ» ዝቅ ብሎ ከተጎተተ ሐዘን ነው፤ ወደ ላይ ከወጣ «ምን አልሽ?» ነው፤ አጠር ብሎ ከተደጋገመ «ቀጥዪ፣ እየሰማሁ ነው» ነው። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ተስቦ የሚባለው ደግሞ «አዎ» ነው። ለዚህ ለመጨረሻውና ለከንፈር መምጠጥ ፊደል እንኳ የለንም፤ ሐዘኔታን ግን ከከንፈር መምጠጥ የበለጠ የሚገልጽ ቃል እኔ አላውቅም።

ልጅሽ አያቷን አስፈቅዳ አንድ ቀን ከአቦል እስከ በረካ በስልኳ ትቅዳት። ከየ«ውይ»ው ጎንም ወሬው ምን ላይ ሲደርስ እንደተባለ ትጻፍ። ያን ወረቀት ባየው ደስ ይለኛል።