ፎስፈረሱ ከብረቱ ወጥቶ የት ይገባል?

የወንድማችን ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ብረቱን ከፈርነስ (ከማቅለጫው ምድጃ) ከመቅዳታችን በፊት በወሰድነው ናሙና ፎስፈረሱ ዝቅ ያለ ነበር። ላድል (የቀለጠው ብረት የሚቀዳበት ትልቅ ባልዲ) ላይ ስንለካው ጨምሮ አገኘነው። ከየት መጣ? ስላጉ (ቀልጦ ብረቱ ላይ የሚንሳፈፈው ዝቃጭ) ውስጥ ፎስፈረስ ካለስ ለማዳበሪያ አይሆንም?»

እኔ የሠራሁት ኤሌክትሪክ አርክ ፈርነስ (በኤሌክትሪክ ብልጭታ ብረት የሚያቀልጥ ምድጃ) ላይ ስለሆነ ከዚያ ልነሳ። ፎስፈረስ እንደ ካርቦን ጋዝ ሆኖ አይወጣልህም። ወይ ብረቱ ውስጥ ነው፣ ወይ ስላጉ ውስጥ። ስለዚህ ላድል ላይ ከጨመረ በመጀመሪያ የምጠረጥረው አብሮ የተቀዳውን ስላግ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈርነሱ ውስጥ ኦክስጅንና ኖራ ፎስፈረሱን ካልሲየም ፎስፌት አድርገው ስላጉ ላይ ያስሩታል። ስትቀዳ ከዚያ ስላግ ትንሽ ሾልኮ ላድል ይገባል። አንተ ደግሞ ኦክስጅኑን ለማስወገድ ፌሮሲሊከን (የብረትና የሲሊከን ቅይጥ) እና አሉሚኒየም ትጨምራለህ። እነሱ የብረቱን ኦክስጅን ብቻ ወስደው አይቆሙም፣ የስላጉንም ይነጥቃሉ። ኦክስጅኑን የተነጠቀው ፎስፈረስ ተመልሶ ብረቱ ውስጥ ይሰምጣል። መፍትሔው ፈርነሱ ውስጥ የተወሰነ ብረት አስቀርቶ ቶሎ ወደ ኋላ ማዘንበል ነው። «ትንሽ ብረት እንዳይቀር» እያሉ እስከ መጨረሻው ማንጠፍጠፍ በኋላ ያስከፍላል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ብረቱ ላይ የሚጨመረው ፌሮማንጋኒዝ (የብረትና የማንጋኒዝ ቅይጥ) ነው። ይሄን ብዙ ሰው አያየውም። ካርቦኑ ከፍ ያለው ዓይነት 0.3 በመቶ ገደማ ፎስፈረስ ሊኖረው ይችላል። በአንድ ቶን ብረት 10 ኪሎ ብትጨምር 0.003 በመቶ በራስህ እጅ ከተትክ ማለት ነው። ገደብህ 0.015 በመቶ ከሆነ ይሄ ቀላል አይደለም። ፎስፈረስ ሲበዛ ብረቱ በብርድ ጊዜ እንደሚሰባበር መቼም ታውቃለህ።

ፈርነሱ ውስጥም ቢሆን ሥራው በጊዜ ነው የሚሠራው። ፎስፈረስ የሚወጣው ሙቀቱ ገና ሳይንር፣ ኖራውና የብረት ኦክሳይዱ በቂ ሲሆን ነው። ያኔ ስላጉን አፍስሰህ አስወግድ። ካዘገየህ ሙቀቱ ራሱ ፎስፈረሱን ይመልስልሃል። የቀዘቀዘ ስላግ በመዶሻ ሰብረህ ውስጡን እይ። ነጫጭ ጓል ካለበት ኖራው አልሟሟም። ያልሟሟ ኖራ የተከፈለበት ግን ያልሠራ ኖራ ነው።

ወደ ማዳበሪያው ልምጣ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ፈልሳፊ ቤሰመር እ.ኤ.አ. በ1856 ያስተዋወቀው የብረት ማምረቻ ዘዴ የምድጃው የውስጥ ሽፋን አሲዳማ ስለነበር ፎስፈረስ ማውጣት አልቻለም። በ1870ዎቹ መጨረሻ የለንደን ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረው ሲድኒ ጊልክሪስት ቶማስና የአጎቱ ልጅ ፐርሲ ጊልክሪስት፣ በዌልስ ብሌናቮን ሞክረው፣ ሽፋኑን ቤዚክ (የአሲዳማ ተቃራኒ) አደረጉት፤ ፎስፈረሱም ወደ ስላጉ ወጣ። ስላጉ ተፈጭቶ ለገበሬ ይሸጥ ጀመር። (የፍርድ ቤት ጸሐፊ መሐንዲሶቹን መብለጡ ሁሌ ደስ ይለኛል።)

ያኔ የሠራው ግን ብረቱ ወደ 2 በመቶ የሚጠጋ ፎስፈረስ ስለነበረው ነው። የስላጉ ፎስፈረስ ኦክሳይድ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይደርስ ነበር። ዛሬ የኮንቨርተር (ፈሳሽ ብረት በኦክስጅን የሚጣራበት ምድጃ) ስላግ ከ1 እስከ 3 በመቶ ቢይዝ ነው፣ የአርክ ፈርነስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ1 በታች። ስለዚህ እንዳለ ማዳበሪያ ነው ብሎ መሸጥ አያዋጣም። ክሮሚየምና ቫናዲየምም ስላለበት ሳይመረመር መሬት ላይ አይበተን።

ተስፋ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ስላግ ሲቀዘቅዝ ፎስፈረሱ እኩል አይሰራጭም፤ ካልሲየም ሲሊኬቱ ውስጥ ይከማቻል፣ ብረት የበዛበት ክፍል ለብቻው ይቀራል። የጃፓን ተመራማሪዎች ስላጉን ፈጭተው በኃይለኛ ማግኔት ሁለቱን ለመለየት ሠርተዋል። እንደኔ ትልቁ ትርፍ ከፎስፈረሱ ሽያጭ አይመጣም። ስላግን ወደ ብላስት ፈርነስ (ከማዕድን ብረት የሚያወጣው ምድጃ) መልሶ ብረቱንና ኖራውን መጠቀም የሚከለክለው ፎስፈረሱ ነው፤ እዚያ ከገባ ሁሉም ማለት ይቻላል ወደ ብረቱ ይመለሳል። እሱን ለይተህ ካወጣህ የቀረው ስላግ እንደገና ጥሬ ዕቃ ይሆናል።

ለአንተ ቤት ግን ከማግኔት በፊት የሚቀድም ሥራ አለ፦ ቀድሞ የሚፈሰውን የፈርነስ ስላግና የላድሉን ስላግ አንድ ክምር ላይ አትድፋ። ፎስፈረሱ የበዛው የመጀመሪያው ነው። የላድሉ ኖራው ብዙ፣ ፎስፈረሱ ትንሽ ስለሆነ ወደ ፈርነሱ መመለስ ይቻላል። ሲቀላቀሉ ሁለቱም ይበላሻሉ። እስከዚያው የላድል ስላግህን ውፍረትና የፌሮማንጋኒዙን ሰርተፊኬት እዚህ ለጥፈውና አብረን እናየዋለን።