ዕውቀቴን በነጻ ከሰጠሁ ማን ይከፍለኛል?

ከሐዋሳ የላክሽልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። በሒሳብ አያያዝ ተመርቀሽ ሦስት ዓመት በሰው ቢሮ ከሠራሽ በኋላ ፈቃድ አውጥተሽ የራስሽን የሒሳብና የግብር አገልግሎት ከፍተሻል፤ በድረ ገጽሽ ላይም ስለ ግብር የሚያስረዱ ጽሑፎችን በነጻ ለማውጣት አስበሻል። ታላቅ ወንድምሽ ግን «ሸቀጥሽ ዕውቀትሽ ነው፤ ሸቀጡን በነጻ የሚያድል ነጋዴ የት ታየ?» ብሎሻል፤ አባትሽም ይህን ሁሉ ትተሽ ባንክ እንድትቀጠሪ ይፈልጋሉ። ከሁሉም የወንድምሽ አባባል ስለከነከነኝ አብዛኛውን መልሴን የምሰጠው ለእሱ ነው።

ለመሆኑ ወንድምሽ ማር ሳይቀምስ፣ ቅቤ ሳያሸት ገዝቶ ያውቃል? ማር ሻጯ የምታስቀምሰው ከዕቃዋ ላይ ቀንሳ ነው፤ የአንቺን ጽሑፍ ግን አንድ ሺህ ሰው ቢያነበው እንኳ ከአንቺ ዘንድ የሚጎድል የለም።

እኔ ሥራ የጀመርኩት በአንድ አነስተኛ የሒሳብ ቢሮ ነበር። አለቃዬ የግብር ማስታወቂያ ቅጽ ሲሞሉ፣ የቅጠሉን ስም ለልጁ እንኳ ሳይነግር እንደሚሞት መድኃኒት አዋቂ፣ ወረቀቱን በግራ እጃቸው ይከልሉት ነበር። ደንበኞቹ አሠራሩን ካወቁ ጥለውኝ ይሄዳሉ ብለው ይሰጉ ነበር፤ ደንበኞቹ ግን የሚከፍሉት ለምን እንደሆነ ስለማያውቁ በየዓመቱ ሐምሌ በመጣ ቁጥር በዋጋ ይጨቃጨቋቸው ነበር። የራሴን ቢሮ ስከፍት ድረ ገጽ አልነበረኝም፤ አንዲት ባለሁለት ገጽ ማብራሪያ አባዝቼ በሰፈሩ ላሉ ሱቆች አደልኩ። ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቼ አብዛኞቹ ያንኑ ወረቀት ይዘው የመጡ ሲሆኑ የሚሉትም ተመሳሳይ ነበር፦ «አነበብኩት፣ ገባኝም፤ ግን ይህን ሁሉ መሥራት አልችልም፣ አንተው ሥራልኝ።» የእኔ መንገድ ይህ ስለነበረ ሚዛኔ ወደዚያ ቢያጋድል እንግዲህ አትፍረጂብኝ።

በነጻ የምታወጪው ለሁሉም ሰው አንድ የሆነውን ነው፤ የምታስከፍዪው ያንን በአንድ ሰው መዝገብ ላይ አውለሽ፣ ኃላፊነቱን ወስደሽ ስትፈርሚበት ነው። ለምሳሌ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በ2017 በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ሲሻሻል፣ ከግብር ነጻ የሆነው ወርሃዊ ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ይህ በአዋጅ የወጣ ስለሆነ ብትደብቂውም ምስጢር አይሆንም። ነገር ግን ስምንት ሠራተኞች ያሏት የካፌ ባለቤት አዋጅ አታነብም። ለእርሷ የ9,000 ብር ደመወዝ ወስደሽ አስዪላት፦ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ነው፤ ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ 300 ብር፣ ከዚያ 3,000 በ20 በመቶ 600 ብር፣ የቀረው 2,000 በ25 በመቶ 500 ብር፣ በድምሩ 1,400 ብር ግብር ይሆናል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ ማለትም 630 ብር ሲቀነስ እጁ የሚገባው 6,970 ብር ነው፤ እርሷ በአሠሪነቷ የምትጨምረው 11 በመቶ ደግሞ 990 ብር ነው። ይህን ያነበበች ሴት ከስምንቱ የሁለት ሠራተኞቿን ራሷ ታሰላ ይሆናል፤ ወደ ትርፍ ሰዓት፣ ወደ አበልና በወር አጋማሽ ወደተቀጠረው አስተናጋጅ ስትደርስ ግን ስልክሽን ትፈልጋለች። ስለዚህ ስሌቱን ግማሽ ላይ አቁመሽ «ለዝርዝሩ ይደውሉ» አትበያት፤ እንዲህ ያለው ጽሑፍ አንባቢን ማታለል ነው፣ አንባቢም ይገባዋል።

አንድ ነገር ልብ በዪ። አንቺ በጥንቃቄ «ደመወዝ» እና «ሒሳብ» ብለሽ ስትጽፊ ሰዉ በስልኩ የሚፈልገው «ደሞዝ» እና «ሂሳብ» ብሎ ነው፤ ግማሹ «ግብር»፣ ግማሹ «ታክስ» ይላል። ሁለቱም አጻጻፍ በገጹ ውስጥ በተፈጥሯዊ መንገድ ይግባ፤ ርእሱም ደንበኛ ቢሮ ገብቶ በሚጠይቅበት አነጋገር ይሁን። በየገጹ አናት ላይ የተሻሻለበትን ቀን ጻፊ፤ ዛሬም 600 ብር የሚል የተረሳ ገጽ ካለሽ የግብር ባለሙያ ነኝ ማለትሽን ራስሽ ማፍረስሽ ነው። የደወለልሽን ሁሉ ደግሞ ከየት እንዳገኘሽ ጠይቀሽ በደብተር መዝግቢ፤ የጎብኚ ብዛት የቤት ኪራይ አይከፍልም።

ስለ ገንዘቡ ግን አላባብልሽም። እንዲህ ያለ ገጽ ደንበኛ እስኪያመጣ ወራት ይፈጃል፤ በእነዚያ ወራት ደግሞ ገቢሽ ያልተረጋጋ ሆኖ ሳለ በየወሩ 5,000 ብር ለቤተሰብ እንደምትልኪ ጽፈሻል። ይህ ገንዘብ ለወንድምሽ የመኪና ዕዳ መክፈያ እንደሚውልም በደብዳቤሽ መጨረሻ፣ እንደ ዋዛ፣ ጠቅሰሽዋል። እናትሽን ለመጦር ቢሆን ኖሮ አልናገርም ነበር። ዕውቀትሽን በነጻ እንዳትሰጪ የሚመክርሽ ሰው ገንዘብሽን በነጻ መውሰዱን ለአንድ ዓመት ያቁም፤ ይህንንም አባትሽ ባሉበት ንገሪው።

ባንኩን በተመለከተ፣ የስድስት ወር ወጪሽን የሚሸፍን ቁጠባ ከሌለሽ ማመልከቻውን አስገቢ፤ ማመልከት መቀጠር አይደለም። 80,000 ብር የጠየቀሽን የድረ ገጽ ሠሪ ለጊዜው ተዪው፤ በስልክ በፍጥነት የሚከፈቱ አምስት ስድስት ገጾች ይበቁሻል። ቴሌግራሙን ዝመናዎችን ለመላክ ተጠቀሚበት፤ ማብራሪያው ግን በድረ ገጽሽ ይቀመጥ፣ ቴሌግራም ላይ የወጣ ጽሑፍ በሳምንቱ ተቀብሮ ይቀራልና። በእንግሊዝኛ ልጻፍ ወይ ላልሽው፣ ደንበኞችሽ የሐዋሳ ነጋዴዎች ናቸው፤ በሚያነቡት ቋንቋ ጻፊላቸው።

የመጀመሪያው ገጽሽ ያ የ9,000 ብር ስሌት ይሁን። ሌላው፣ ስለ ዓመታዊ ግብር ማስታወቂያ የሚያስረዳው፣ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት፣ ግንቦት ላይ ተጽፎ ይለቀቅ።