ጥያቄና መልስ፦ ኩራንኮ ቋንቋ ነው ወይስ ዘዬ?

ኩራንኮና ኩናማ ዘመዳሞች መሆን አለመሆናቸውን ለጠየቁኝ አንባቢ፦ አይደሉም። የኩናማ ሕዝብ በኤርትራና በሰሜን ኢትዮጵያ፣ የኩራንኮ ሕዝብ በሰሜን ምሥራቅ ሴራሊዮንና በአጎራባቹ የጊኒ ምድር ይኖራል፤ የሚጋሩት «ኩ»ን ብቻ ነው።

በሜሪላንድ ሆስፒታል የሚሠሩ አንዲት ነርስ፣ ኩራንኮኛ ለሚናገሩ አንዲት አሮጊት ታካሚ የማንዲንካ (የሌላ ምዕራብ አፍሪካዊ ቋንቋ) አስተርጓሚ እንደቀረበላቸውና አቅራቢዎቹም «ያው ዘዬ ነው፣ ይግባባሉ» እንዳሏቸው ይገልጻሉ። እህቴ፣ ይህ «ያው» የሚሉት ቃል ያናድደኛል። የሥነ ልሳን ምሁራን ኩራንኮን የሚመድቡት ከሌሌ፣ ከሞጎፊንና ከካካቤ ጋር ሞኮሌ በሚባለው ቡድን ውስጥ ሲሆን፣ ይህም ማንዲንካ፣ ማኒንካና ባምባራ የሚገኙበት የማንዲንግ ቡድን እኅት እንጂ ልጅ አይደለም። «ጉራጊኛ» ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራውን እናስታውስ፦ የክስታኔ እናት የሕመማቸውን ነገር በቸሃ አስተርጓሚ በኩል ይስሙ ቢባል ምን እንላለን? የተመሳሰሉ ቃላት ታካሚዋን በአክብሮት ራሳቸውን እንዲነቀንቁ ያደርጓቸው ይሆናል፤ ራስ መነቅነቅ ግን ለቀዶ ጥገና የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ስለዚህ አስቀድመው በየትኛው ቋንቋ መነጋገር እንደሚቀናቸው ይጠይቋቸው፤ ከሴራሊዮን የመጡ ከሆኑ ክሪዮ (የአገሪቱ የጋራ መግባቢያ ቋንቋ)፣ ከጊኒ ከሆኑ ማኒንካ ወይም ፈረንሳይኛ ሊያውቁ ይችላሉ። ያም ካልሆነ ሆስፒታሉ በኩራንኮ የሠለጠነ የሕክምና አስተርጓሚ፣ በስልክም ቢሆን፣ እንዲፈልግ አጥብቀው ይጠይቁ። የልጅ ልጃቸውን ግን በአስተርጓሚው ወንበር ላይ እንዳያስቀምጡ እለምንዎታለሁ።

ስለ ኩራንኮ የጻፈው ማይክል ጃክሰን ዘፋኙ ነውን? አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በሴራሊዮን ጥናት ያካሄደ ኒውዚላንዳዊ አንትሮፖሎጂስት ነው። ይህን ጥያቄ የላኩልኝ አምስተኛው ሰው ስለሆኑ ለስድስተኛው አልመልስም።

በኩራንኮ ግሡ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ይመጣ እንደሆነ የጠየቁኝ መምህር ግማሽ ያህል ልክ ናቸው። ተሳቢው ከግሡ ይቀድማል፤ ቦታውና ጊዜው ግን ከግሡ በኋላ ይከተላል። በአማርኛ ቃላት ብናስመስለው፣ «ውሻው ጓሮ ውስጥ ሥጋ በላ» የምንለው «ውሻው ሥጋ በላ ጓሮ ውስጥ» ይሆናል። የቃና ከፍና ዝቅ ማለትም የቃላትን ትርጉም ይለያል። ለቀረው የማንደ ቋንቋዎች (ኩራንኮም ማንዲንካም የሚገኙበት ቤተሰብ) ምሁር ያማክሩ።