ቀይ መስመር ሁሉ እኩል አይደለም

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በመሐል ሜዳና በአካባቢው ባሉ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች የሊኑክስ ሰርቨር በአደራ ለተረከባችሁ ነው። ሥራ በጀመራችሁ ሰሞን የሲስተሙን ሎግ፣ ማለትም ማሽኑ የገጠመውን የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ስትከፍቱ በቀይ የሚጻፈው የስህተት መልእክት ብዛት ያስደነግጣል። አንዱንም ሳላስቀር አጠፋለሁ ማለት የትጉህ ሰው ጠባይ ነው፤ ነገር ግን ይህ ትጋት ቀናችሁን ይበላዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሲሰለቻችሁ ሎጉን ማየት እርግፍ አድርጋችሁ መተዋችሁ ነው።

በሊኑክስ እያንዳንዱ መልእክት ከ0 እስከ 7 ደረጃ አለው። 0 ሲስተሙ ከጥቅም ውጪ ሆነ ማለት ነው፤ 3 ስህተት ነው፤ 7 ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ምርመራ የሚረዳ ዝርዝር ነው። ደረጃውን የሚመድበው ድራይቨሩን (ዕቃውን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ወይም ሌላውን ፕሮግራም የጻፈው ሰው ነው፤ እናንተ ዘንድ ያ ማሽን ለምን ሥራ እንደዋለ ግን አያውቅም። ስለዚህ ብሉቱዝ በማይፈልግ ሰርቨር ላይ የብሉቱዝ ፈርምዌር (ዕቃው ራሱ የሚሠራበት ፕሮግራም) ጠፋ የሚል ስህተት ልታዩ ትችላላችሁ። ማሽኑ ሲነሳ ስለ ኤሲፒአይ (የማሽኑን ኃይልና ሙቀት ስለሚያስተዳድረው ሥርዓት) የሚደረደሩት መስመሮችም አብዛኛውን ጊዜ የማዘርቦርዱ አምራች ማሽኑን በሚያስነሳው ፕሮግራም፣ በባዮሱ፣ ውስጥ የተዋቸው ጉድለቶች ናቸው። ማራገቢያው ከሠራና ማሽኑ ካልጋለ እለፏቸው።

ዳታ የሚነካውን ግን ለነገ አትበሉ። በአንድ መሥሪያ ቤት የሰርቨሩ ኃላፊ ከብሉቱዙ ስህተት ጋር ሲታገል ሰንብቶ ነበር። በዚያው ሎግ ውስጥ «አይኦ ኤረር» (የማንበብ ወይም የመጻፍ ስህተት) የሚል መስመር ከዲስኩ ስምና ከአንድ የሴክተር፣ ማለትም የዲስኩ ትንሽ ክፍል፣ ቁጥር ጋር ይታይ ነበር። ቁጥሩ ሁልጊዜ ያው ነው፤ የሚወጣውም ባክአፕ (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂ) በሚወሰድበት ሌሊት ብቻ ነው። ቀን ቀን ማንም የማይከፍተውን አሮጌ ፋይል የሚያነበው ባክአፑ ነበርና፣ የዲስኩ ቁስል የሚነካው ያኔ ነው። ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግበውን የስማርት መረጃ ስናይ ሊነበቡ ያልቻሉ ሴክተሮች ተመዝግበው አገኘን። እንዲህ ያለ ሲገጥማችሁ የፋይል ሲስተም (ፋይሎች በዲስኩ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) ጥገና ለማስኬድ አትቸኩሉ፤ በመሞት ላይ ያለን ዲስክ ጥገናው ራሱ ሊጨርሰው ይችላል። አስቀድማችሁ ዳታውን ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱ።

መብራት በሚቆራረጥበት አገራችን ሌላም ልትለዩት የሚገባ ነገር አለ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኤክስት4 የተባለው ፋይል ሲስተም ጆርናሉን (ለውጦችን አስቀድሞ የሚጽፍበትን መዝገብ) አስተካከልኩ ቢላችሁ ሥራውን ሠራ ማለት ነው። ፋይል ሲስተሙ ስህተት አግኝቶ ራሱን ለንባብ ብቻ ክፍት ካደረገ ግን ከወንበራችሁ ተነሱ። በአሮጌ ማሽን ደግሞ ምንም ቀይ ሳይታይ የሎጉ ቀን ዓመታት ወደ ኋላ ሊሸሽ ይችላል። ይህ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ ማለቋን ያሳያል። ሰዓቱ ሲዛባ የድረ ገጽን ማንነት የሚያረጋግጡት ሰርተፊኬቶች ይወድቃሉ፣ የሎጉም ቅደም ተከተል ይምታታል። ርካሽ ባትሪ ናት፤ ለውጧት።

በአንዳንድ ሲስተሞች ሎጉ የሚቀመጠው በሜሞሪ ላይ ብቻ ስለሆነ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በቫር ሎግ (/var/log) ሥር ሎጉ በዲስክ ላይ የሚቀመጥበት፣ ጆርናል (journal) የሚባለው ፎልደር መኖሩን አረጋግጡ፤ አለዚያ መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ምን እንደሆነ የሚነግራችሁ አይኖርም።

ከኢንተርኔት በኩል የይለፍ ቃል እየገመቱ የሚሞክሩትን አድራሻዎች አንድ በአንድ አታሳዱ። በይለፍ ቃል መግባትን ዘግታችሁ በሚስጥር ቁልፍ ፋይል ብቻ አድርጉት። ሜሞሪ አልቆ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ክፍል) ፕሮግራም ገደልኩ ካለ ግን የሞተውን መልሶ ማስነሳት ብቻውን አይበቃም፤ ሜሞሪውን የበላው ማን እንደሆነ ፈልጉ፤ አንዳንዴ የተገደለው ሌላ፣ በላተኛው ሌላ ነው።

አይታችሁ ያለፋችሁትን ስህተት ከነምክንያቱና ከነቀኑ በደብተር ጻፉ። ከእናንተ በኋላ የሚረከበው ልጅ ያንኑ መስመር እንደ አዲስ ከመመርመር ይድናል። ከርነል ስታሻሽሉ ወይም አዲስ ዕቃ ስትገጥሙ ደብተሩን አውጥታችሁ ከአዲሱ ሎግ ጋር አስተያዩት፤ ትናንት ምንም የማይጎዳው መስመር ዛሬ ሥራ ላይ የዋለን ዕቃ የሚመለከት ሊሆን ይችላልና።